የአራቱ ፉርጎዎች ማያያዣ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
ኅዳር 20 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተወደዱት አጎቴ ለጋሼ ሙላቱ፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ። እትዬ ፀሐይወርቅንም እህቴ ዘርትሁንንም ይህ ደብዳቤ በደኅና እንዲያገኛቸው ምኞቴ ነው። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ወገቤን ካልቆጠርነው። ወገቤንም ያጎበጠው ሥራ አይደለም፣ ያው ባቡሬ ነው።

አዜብ «ሰው አሜሪካ መጥቶ መኪና ያምረዋል፣ አንተን ባቡር አማረህ» ትለኛለች። አዜብ ማለት ባለፈው የጻፍኩልዎት፣ ሆስፒታል የምትሠራው ልጅ ናት። ቀን ቀን ሎንግ ቢች ወደብ አጠገብ በአንድ መጋዘን ቢሮ ፕላን እነድፋለሁ። ቅዳሜ ደግሞ እዚያው ከተማ ትናንሽ ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ክበብ ስላላቸው ከእነሱ ጋር እውላለሁ። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሐኪምም ዳኛም አለባቸው። ጠረጴዛ ላይ እንደ ልጅ ባቡር ይነዳሉ፤ ሐዲዱ ትንሽ ከተዛነፈ ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይኳረፋሉ።

ሐምሌ ውስጥ ኤግዚቢሽን አላቸው። እኔም የእርስዎን ባቡር ይዤ እንድቀርብ ፈቅደውልኛል፤ ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን፣ ዕድሜ ልክዎን ትኬት ሲቆጣጠሩበት የኖሩትን። አራት ፉርጎ ነው የምሠራው፦ አንድ የሻንጣ፣ ሁለት ሦስተኛ ማዕረግ፣ አንድ አንደኛ ማዕረግ። ትዝ እንደሚለኝ እነዚህ አራቱ ሁልጊዜ አብረው ነበር የሚሄዱት። ልክ ነኝ?

የምጠይቅዎ ስለ ማያያዣው ነው። እዚህ ሱቅ የሚሸጠው፣ ፉርጎና ፉርጎ ሲገፋፉ የሚቆለፍ፣ ሲፈልጉ የሚከፈት መንጠቆ ነው። ለአሠራር ይመቻል፤ ግን ፉርጎዎቹን ያራርቃቸዋል፣ የተጣሉ ጎረቤቶች ያስመስላቸዋል። የማይለያዩ ከሆኑ ደግሞ በመካከላቸው የሚከፈት መንጠቆ ምን ያደርጋል? በአጭር የናስ ዘንግ አራቱን አንድ ላይ አስሬ፣ የሱቁን መንጠቆ ከፊትና ከኋላ ጫፍ ላይ ብቻ ላደርገው አስቤአለሁ። የቸገረኝ የዘንጉ ርዝመት ነው። የፉርጎዎቹን ርዝመት ከአንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አግኝቼዋለሁ፤ በሁለት ፉርጎ መካከል ያለው ክፍተት ግን የትም አልተጻፈም። እርስዎ ስንት ዘመን ተሻግረውታል፤ ምን ያህል ይሆናል?

ልጅዎ
ኅሩይ


አዲስ አበባ፣ ለገሃር
ጥር 14 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለልጄ ለኅሩይ፣

በሄድክበት ሁሉ መልአኩ ከፊትህ ይቅደም። እኛ ደኅና ነን ማለት ይቻላል። ይህን ደብዳቤ ለትምህርት ወደዚያ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ለክፍሉ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ሰሞኑን የሚደርሰን ፖስታ ሁሉ ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ ነው። ስለዚህ ስትመልስ ደርሶኛል ብቻ በል፣ ስለ ውስጡ ምንም አታንሣ። አደራ።

ክፍተቱን ጠየቅከኝ። እኔ በእግሬ እንጂ በሜትር አላውቀውም። ሐዲዱ ቀጥ ባለበት አንድ እርምጃ ነው። ወደ አዋሽ ስንቃረብ፣ ባቡሩ ሲጠማዘዝ፣ አንድ እርምጃና አንድ አቡነ ዘበሰማያት ነው። ይህ ለአንተ ሥራ እንደማይበቃ ስለገባኝ ለዘርትሁን ነገርኳት። እንደምታውቀው ጣቢያው ቢሮ ታይፒስት ናት። የእናቷን የልብስ ሜትር በቦርሳዋ ይዛ ሄደች፤ በምሳ ሰዓት ሰዉ ሲበተን ሐዲዱ ላይ ወርዳ ለክታው መጣች። ልኩ በሌላው ገጽ አለ፣ ሳትጠይቃት ከፍታውንም ጨምራበታለች። እናቷ ፀሐይወርቅ ስትሰማ ቤቱን በጩኸት ሞላችው፤ በዚህ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሥር ገብቶ መለካት እብደት ነው አለች። እውነቷን ነው። ዘርትሁን ግን ለአንተ ከሆነ ምን ብትባል ትሰማለች?

አራቱ አይለያዩም፤ ልክ ነህ። ጋራዥ እንኳ የሚገቡት አብረው ነው። በዘንጉ ነገር ግን አልስማማም። ባቡር ከጣቢያ ሲነሣ ከፊት እስከ ኋላ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ነው የሚወጠረው፤ እኔ ይህን ድምፅ ሰምቼ ነው ኮፍያዬን የማጠልቀው። አንተ አራቱን በአንድ ዘንግ ካሰርክ ድምፁን ከየት ልታመጣው ነው? ሁሉም ቦታ መንጠቆ አድርግ። የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ሠሪው ግን አንተ ነህ።

አጎትህ
ሙላቱ


ሎስ አንጀለስ
የካቲት 18 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙላቱ፣

እንደምን ሰንብታችኋል? የቤቱን ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ክፍሉ በሰላም ገብቶ ዌስት አዳምስ አካባቢ ክፍል ይዟል። ያመጣልኝም ደርሶኛል።

ስለ ውስጡ አላወራም፤ አደራዎን አልረሳሁም። ግን ምንም ሳልል ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ልኩ ድንቅ ነው። የለካው እጅ ይባረክ፤ ስም አልጠራም። ከክበባችን ሽማግሌዎች አንዱ እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከመሐንዲስም አላየሁም ብሎኛል።

በመንጠቆው ጉዳይ አልተስማማንም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በድምፁ ተሸንፌ ነበር፤ ሞከርኩት፣ የሱቁ መንጠቆ በዚህ መጠን ቋ አይልም፣ እንደ ሣጥን ቁልፍ ጠቅ ነው የሚለው። ዘንጉ ይሻላል። አሁን ማወቅ የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፉርጎ መካከልም ክፍተቱ ያው ነው ወይስ ይለያል? ደግሞስ አራቱ የግድ ቢፈቱ በየትኛው ጣቢያ ላይ ነው የሚፈቱት? መልስዎን በቶሎ ይላኩልኝ።

ኅሩይ


ሎስ አንጀለስ
ሚያዝያ 25 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙላቱ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። መልስ ሳላገኝ ፋሲካ አለፈ። በመንጠቆው ምክንያት ተቀይመውኝ ይሆን እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ከተቀየሙኝ በግልጽ ይንገሩኝ እንጂ በዝምታ አይቅጡኝ።

አራቱ ፉርጎዎች አልቀዋል። በዘንግ ተያይዘው ጠረጴዛዬ ላይ ቆመዋል፤ ሳያቸው እርስዎ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገሩ የሚታዩኝ ይመስለኛል። የክበባችን ሊቀመንበር ሚስተር ዋልተር ፎቶ አንሥቶ ለአንድ መጽሔት ሊልከው ነው። ከሥሩ የእኔ ስምና «በቦታው በተወሰደ ልክ የተሠራ» የሚል ይጻፍበታል አለኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ከእርስዎ በላይ የለኝም፤ እርስዎ ደግሞ ዝም አሉኝ። እባክዎን ሁለት መስመር እንኳ ይጻፉልኝ።

ኅሩይ


ኢትዮጵያ ትቅደም
አዲስ አበባ
ግንቦት 22 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለኅሩይ፣

ጤና ይስጥልን። እኛ በጣም ደኅና ነን። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰዋል፤ የተነበቡትም እዚያው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው፣ የሚደበቅ ነገር ስለሌለው።

ጋሼ ሙላቱ ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ በቀበሌው ይገኛሉ። በባቡሩ መስመር ላይ ጉዳት ከደረሰ ወዲህ ስለ ባቡር የሚጻፍ ሁሉ እየተጣራ ስለሆነ፣ ጓዶች ማብራሪያ ፈልገው ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ፉርጎዎቹን የለካው ማን ነው? ጋሼ ሙላቱ ማንም አልለካም፣ ልጁ የጻፈው ስለ መጫወቻ ነው ብለው መልሰዋል። እኔም ይህንኑ አውቃለሁ። አንተም ይህንኑ ታውቃለህ።

በየቀኑ ምሳ ይዤ እሄዳለሁ። እሳቸውን ማየት አልተፈቀደም፤ ሰሃኑ ግን ባዶውን ይመለስልኛል። ስለዚህ እየበሉ ነው። ዘርትሁን ሥራዋ ላይ ናት።

የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር፣ መጫወቻ ከሆነ መጫወቻውን ልኮ ያሳየን ብለዋል። ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ባለሙያ ተጠርቶ ያየዋል፤ በተለይ የፉርጎዎቹን መያያዣና በመካከላቸው ያለውን ርቀት። እኔም ልጃችን አራቱንም ፉርጎ ከሱቅ በሚገዛ መንጠቆ ነው የሚያያይዘው ብዬ ለጓዶች አስረድቻለሁ። ያንን በሱቅ መንጠቆ የሠራኸውን ባቡር እንዳለ ላክልን። ምንም አትጨምርበት፣ ምንም አታሳምረው። በቶሎ።

ፀሐይወርቅ


(ፖስታ ቤት ያልደረሰ)
ሎስ አንጀለስ
ሰኔ 8 ቀን 1969 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን እንደማያነቡት አውቃለሁ። ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀራል። ለእርስዎ ካልተናገርኩት ግን ለማን እናገረዋለሁ?

የእትዬ ፀሐይወርቅ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። መጀመሪያ ጽሕፈቱን አላወቅኩትም። እስከ ዛሬ የእሳቸውን ቃል የምትጽፍልን ዘርትሁን ነበረች፤ አሁን በራሳቸው እጅ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየተከሉ ነው የጻፉት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የልጃቸው እጅ ጽሑፍ እንኳ እዚያ ጽሕፈት ቤት እንዲገባ አልፈለጉም።

እኔ ሞኙ ምን እንዳሰብኩ ልንገርዎት። እውነተኛውን ባቡር ለመላክ ቸኮልኩ። እንዴት አምሮ እንደተሠራ ሲያዩ፣ ይህ የጥበብ ሥራ እንጂ የስለላ አይደለም ብለው ይለቋቸዋል ብዬ ነው። እትዬ የሱቅ መንጠቆ ያሉት ነገሩ ሳይገባቸው ነው ብዬ ናቅኩት። አራቱን በጥጥ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከትቼ፣ አዜብ በመኪናዋ ፖስታ ቤት እንድታደርሰኝ ጠራኋት።

አዜብ ደብዳቤውን ልየው አለች። መኪናዋን አንድ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ፣ መሪው ላይ ዘርግታ አነበበችው፣ ከዚያ ደገመችው። ሞተሩን አጠፋች።

«ኅሩይ፣ ሊስን» አለች። «አክስትህ ያልሠራኸውን ባቡር ነው ላክ የምትልህ።»

አልገባኝም።

«ሶ ክፍተቱ ልክ ከሆነ ለኪ አለ ማለት ነዋ። ኤክስፐርቱ የሚያየው ሌላ ምን አለ? ይሄ ያንተ ባቡር እኮ ኤቪደንስ ነው። ሴትየዋ ዋሽታለች፣ አሁን አንተ ውሸቱን እውነት አድርግላት ነው የምትልህ።»

ጋሼ፣ ሣጥኑን ይዤ ከመኪናው ወረድኩ። ያንን ሣጥን ብልከው ዘርትሁንን በእጄ አሳልፌ መስጠቴ ነበር። እርስዎ ስሟን ላለመጥራት እዚያ ተቀምጠው፣ እኔ በጉራዬ ልጠራላቸው ነበር። «የለካው እጅ ይባረክ» ብዬ የጻፍኩት ቃል እንዴት እንዳሰቃየዎት ሳስበው ራሴን እጠላለሁ። ስም ካልጠራሁ ምንም አልተናገርኩም ብዬ ነበር እኮ።

አዲስ ፉርጎ ለመሥራት ጊዜ የለም። ስለዚህ ያንኑ አራቱን ወስጄ ዘንጎቹን ቆረጥኳቸው። የሱቁ መንጠቆ እንዲገባ ደግሞ የፉርጎዎቹን ጫፍ በሞረድ በላሁት፤ ከእንግዲህ ወደነበረበት አይመለስም። ሐዲድ ላይ አስቀምጬ ስጎትታቸው እንደ ሰከረ ሰው እየተንገጫገጩ ሄዱ። ሚስተር ዋልተር ሲያይ ክው አለ። ከኤግዚቢሽኑ ወጥቻለሁ፣ ፎቶውንም ለመጽሔት አትላክ አልኩት። ምን ነካህ ቢለኝ ወገቤን አሞኛል አልኩት። አገር ቤት ያለ ሰው በባቡር ክፍተት ታስሮብኛል ብለው ያምነኛል? ፎቶውን ግን ፊልሙን ጨምሮ ሰጠኝ፤ ጥሩ ሰው ነው።

ፎቶውንም ፊልሙንም፣ ያንን የልኩን ገጽም አቃጥያቸዋለሁ። አሁን ሰው ፊት የሚነበበውን ደብዳቤ ልጻፍ። በጣም ፈርቻለሁ ጋሼ።


ሎስ አንጀለስ
ሰኔ 10 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ፀሐይወርቅ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን ጤና ከጠየቁ ከመቼውም በላይ ደኅና ነኝ፤ ምክንያቱም ባቡሬ አገሩ ሊገባ ነው።

በጠየቁኝ መሠረት አራቱን ፉርጎዎች በአየር ፖስታ ልኬአለሁ። ጓዶች ሥራዬን ለማየት መፈለጋቸው ትልቅ ክብር ነው። ያለ ማጋነን፣ ከእውነተኛው ባቡር በምንም አይለይም። ማያያዣዎቹ ፌርፋክስ አጠገብ ካለ የመጫወቻ ሱቅ የገዛኋቸው፣ ልጆች ሁሉ የሚጠቀሙባቸው መንጠቆዎች ናቸው። በዘንግ አያይዤአቸዋለሁ፣ «በቦታው በተወሰደ ልክ» ሊባልም ነው ብዬ ለጋሼ መጻፌ ትዝ ይለኛል፤ ያልኩት ለጉራ ነው፣ ዘንጉን አልቻልኩበትም። መንጠቆው ፉርጎዎቹን ትንሽ ያራርቃቸዋል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ በልጅነቴ ለገሃር ቆሜ ሳይ እንደዚያው ተራርቀው ነበር የታዩኝ።

በየካቲት ደብዳቤዬ ልኩን የለካልኝን ሰው ማመስገኔ ጥያቄ አስነሥቷል መሰለኝ። ሰውየው የክበባችን ሊቀመንበር፣ አሜሪካዊው ሚስተር ዋልተር ነው። ክፍሉ ያመጣልኝን አሮጌ ፖስትካርድ በማስመሪያ ለክቶልኛል። ስሙን ያልጠራሁት ሲመሰገን ስለሚያፍር ነው። ከዚህ ሌላ ለኪ የለም።

ለጋሼ ሙላቱ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ባቡሩን አይተው ምን እንዳሉ ለመስማት እጓጓለሁ።

አክባሪዎ
ኅሩይ


ሎስ አንጀለስ
መስከረም 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእትዬ ፀሐይወርቅ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። ክረምቱ አለፈ፣ ከእናንተ ግን ወሬ የለም። ሣጥኑ መድረሱን ፖስታ ቤቱ አረጋግጦልኛል። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው የደብዳቤ ሣጥኑን ነው፤ ከመብራት ሂሳብ በቀር የሚገኝበት የለም።

ሌላ ምንም አልጠይቅዎም። ሰሃኑ አሁንም ባዶውን ይመለሳል? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

ኅሩይ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 30 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለልጄ ለኅሩይ፣

የእግዚአብሔር ስም ይመስገን። ቤቴ ገብቼ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ይህም በሰው እጅ ነው የሚደርስህ፤ ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ አትጠይቅ፣ መልስም አትስጠው።

ከወጣሁ ሳምንት አለፈኝ። ከስቻለሁ፣ ጺሜም ነጭ ሆኗል፤ ከዚህ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። ሣጥንህ ከመጣ ቆይቶ ነበር፤ ባለሙያው ግን ሥራ በዝቶበት ሳይመጣ ክረምቱ አለፈ። የመጣ ዕለት ቀበሌው አዳራሽ ወሰዱኝ። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ጠባቂዎቹ፣ ሁሉም ጠረጴዛውን ከብበዋል። ደብዳቤዎችህ በአንድ በኩል፣ ባቡርህ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። አንተ ምን ልትልክ እንደምትችል አውቃለሁና፣ ልክ የሆነውን የላክህ መሰለኝ። ከሩቅ ክፍተቱ አይታየኝም ነበር።

ባለሙያው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ መልኩን ከሥራ ላይ አውቀዋለሁ፣ ስሙን አላውቀውም። አራቱን በመስመር አቆማቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል አንድ ጣቱን አስገባ። ከዚያ ሁለት ጣቱን አስገባ፣ ያን ጊዜም ቦታ ተረፈ። ገፋ ሲያደርጋቸው መንጠቆው ተላቀቀና አንዱ ፉርጎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሰውየው ሳቀ።

«ይህን የሠራ ሰው ባቡር አይቶ አያውቅም» አለ። «እንኳን ሊለካ።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ የልጅህ ችሎታ ይኸው ነው? አለኝ። እኔም፣ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጁ አይረባም፣ ለማሳደግ ወስጄው ስንት ዕቃ ሰብሮብኛል፣ አሜሪካ የሄደውም እዚህ የሚቀጥረው ጠፍቶ ነው አልኩ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀብህ። እኔም አብሬ ሳቅኩብህ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ኅሩይ ልጄ፣ ስምህን በሰው ፊት እንደዚያ ሳዋርደው አንጀቴ ተቃጠለ። ከታሰርኩበት ጊዜ ሁሉ የከበደኝ ያቺ ደቂቃ ናት።

አንድ ነገር ልንገርህ። ባለሙያው የወደቀውን ፉርጎ ሲያነሣ ገልብጦ አየው። በሞረድ የተበላውን ቦታ፣ ተቆርጦ የቀረውን የናስ ጫፍ ሳይቀር በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፉርጎውን በመንኮራኩሩ አቁሞ፣ «መጫወቻ ነው» ብሎ ፈረመ። ያወቀ ይመስለኛል። በመንገድ ባገኘው ሰላም ልለው አልችልም፣ እሱም አይፈልግም።

ዘርትሁን ስገባ እግሬ ላይ ወደቀች። ለካ ሄዳ እኔ ነኝ ልትል ስትነሣ እናቷ በሩ ላይ እየተኛች ነው የያዘቻት። እናትየዋ ምሳ ተሸክማ ስትመላለስ ለልጇም ዘብ ትቆም ነበር። አሁን ዘርትሁን የጣቢያውን ሥራ ትታ አንድ ትምህርት ቤት በታይፒስትነት ትሠራለች። ከእኔ ጋር ብዙ አትነጋገርም፤ ታፍራለች። ያሳፈራት ነገር የለም ብያታለሁ፣ ጊዜ ይፈልጋል። ባቡሩን ሊቀመንበሩ ለልጁ ወስዶታል።

ከእንግዲህ ስለ ባቡር አትጻፍ። ስለ አየሩ ጻፍ፣ ስለ አዜብ ጻፍ። ያቺን ልጅ አግባት። ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፤ ያልኩህን ሁሉ ያልኩት ለመውጣት ነው።

አጎትህ
ሙላቱ


ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተወደዱት አጎቴ ለጋሼ ሙላቱ፣

ጤናዎ እንዲበዛልዎ፣ ከቤትዎም እንዳይርቁ ዘወትር እጸልያለሁ። እዚህ ዝናብ ጀምሯል። አዜብ ሰላም ብላዎታለች፤ ከትንሣኤ በኋላ ልንጋባ ተነጋግረናል፣ እርስዎና እትዬ ባትገኙም ምርቃታችሁን እንጠብቃለን። እህቴን ዘርትሁንን ሳሙልኝ። ዓይኔ ላይ ናት በሉልኝ።

ስለ ሥራዬ በተሰበሰቡት ሰዎች ፊት የሰጡትን አስተያየት ሰምቻለሁ። ቅር አላለኝም፤ አንዲቷንም ቃል አይመልሱብኝ። ለጠየቀዎት ሁሉ አሁንም እንደዚያው ይንገሩልኝ። እጄ አይረባም፣ ጋሼ። እርስዎ ቤትዎ ከገቡ፣ ዕድሜ ልኩን አይርባ።

ልጅዎ
ኅሩይ